የልጄ ቆረቆር በቅባት አልድን አለ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ7 ዓመት ወንድ ልጄ ፀጉር ክብ ክብ እየሆነ ረግፎ ቦታው ይፈረፈራል። ጎረቤቶቼ «ቆረቆር ነው፣ ነጭ ሽንኩርት እሺበት» ቢሉኝ ቆዳውን አቃጠለው። ቀፊራ ገበያ የገዛሁት ቅባት ደግሞ መጀመሪያ ሻል አድርጎት ነበር፤ አሁን ጭራሽ ሰፋ። ከትምህርት ቤት ላስቀረው? ፀጉሩስ ይመለሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከእንግዲህ አይንኩት። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «መጀመሪያ ሻል አድርጎት ነበር» ያሉት ነው። እንደ ቤታሜታዞን ያለ ስቴሮይድ የያዘ ቅባት ማሳከኩንና መቅላቱን ያስታግሳል፤ ቆረቆርን የሚያመጣውን ፈንገስ ግን አይገድልም፣ እንዲያውም እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍትለታል። ቅባቱን አቁመው ዕቃውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ባለሙያው ምን እንደተቀባ ማወቅ አለበት።

ልጁን በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት አስቀምጠው የረገፈውን ቦታ በደንብ ይዩት። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ ከቆዳው እኩል የተሰበረ ፀጉር ነው። ማጅራቱን ሲዳብሱ ንፍፊት ካገኙ ቆረቆር የመሆኑ ነገር ይበልጥ ያመዝናል። ቦታው ልሙጥ ከሆነና ምንም የማይፈረፈር ከሆነ ግን ላሽ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

የቆረቆር ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ከላይ የሚቀባ ነገር አይደርስበትም። የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሶፉልቪን፣ መጠኑ በልጁ ክብደት ተሰልቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ፀጉሩ ብቅ ብቅ ሲል «ድኗል» ተብሎ መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ነገር ፈጽሞ አይዋጥልኝም፤ በሽታው የሚያገረሸው በዚሁ ነው። የኬቶኮናዞል ሻምፑ ከታዘዘለት ወደ ሌላ ልጅ መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ ብቻውን አያድንም።

ሕክምናውን ከጀመረ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ምክንያት የለም። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ትራስ ግን ለብቻው ይሁንለት። ፀጉር አስተካካዩም ማሽኑን ሳያጸዳ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እንዳያሳርፍ አፍ አውጥተው ይንገሩት፤ ይሉኝታ አይያዝዎ። የእህት ወንድሞቹንም ራስ ይመልከቱ።

ፀጉሩ በአብዛኛው ተመልሶ ይበቅላል። ቦታው አብጦ መግል ከቋጠረ ግን እባጭ ነው ብለው አያፍርጡት፤ ጠባሳ ከተወ እዚያ ላይ ፀጉር ላይበቅል ስለሚችል በዚያው ቀን ያሳዩት።