መልስ፦ የዱር አበባ የሚባለው የትኛው ነው?

ከአትክልት ቦታ አምልጦ በመንገድ ዳር የበቀለ አበባ የዱር አበባ ሊባል ይችል እንደሆነና በየትኛው የዕፅዋት ምድብ እንደሚገባ ጠይቀዋል። «የዱር አበባ» የሚለው ስያሜ የአበቃቀል ሁኔታን እንጂ ዝምድናን ስለማይገልጽ፣ በዕፅዋት ምደባ ውስጥ በዚህ ስም የሚታወቅ ክፍል የለም። ተክሉ ያለ ሰው እንክብካቤ ራሱን እየተካ ከዘለቀ የዱር አበባ ቢሉት እኔ አልቃወምም፤ አገር በቀል መሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ስሕተት ያስከትላል።

ምደባውን በተመለከተ፣ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1753 ባሳተመው ሥራው ለእያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ቃላት ያሉት ስም የሰጠ ሲሆን፣ ዕፅዋቱን የመደበው በዋናነት የአበባቸውን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች በመቁጠር ነበር። ይህ ለመለየት ቢያመችም ዝምድናን በትክክል አያሳይም። ዛሬ የምደባው መሠረት በዘረ መል የሚረጋገጥ የጋራ የዘር ሐረግ ነው፤ ውጤቱም በእውነት ያስደንቃል፦ በውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሎተስ የተባለ ተክል የውሃ አበባን (ዋተር ሊሊ) እጅግ ቢመስልም፣ የቅርብ ዘመዶቹ ፕላታነስ የተባሉት ትልልቅ ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ያገኙትን ተክል ለመመደብ ቀለሙን ሳይሆን የአበባውን አሠራር፣ የቅጠሉን አቀማመጥና ፍሬውን ይመልከቱ።