የአይቲ ሥራ ሲቀይሩ፦ ምን አስረክቦ መውጣት፣ ምን ጠይቆ መግባት ይገባል?

ለጠያቂው ወንድማችን፣

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአንድ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ሰርቨሮቹንና ኔትወርኩን ብቻዎን ሲያስተዳድሩ እንደ ቆዩ፣ ሌሊት የሚደወለው ሁሉ ወደ እርስዎ በመሆኑ እንደ ደከሙ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ድርጅት በቃል ሥራ እንዳቀረበልዎ ጽፈዋል። የጠየቁትም መልቀቂያ መቼ እንደሚያስገቡ፣ ምን ያህል ማስረከብ በቂ እንደሆነ፣ እንዲሁም አዲሱ ድርጅት የሚሠራበትን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት) በደንብ ስለማያውቁ እንዴት ቢጀምሩ እንደሚሻል ነው። እኔም በዚሁ ሙያ ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት ለቅቄአለሁ፤ ለቅቀው የሄዱ ሰዎችን ሥራም ተረክቤአለሁ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁትን እነሆ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። በቃል የተሰጠ ተስፋ ይዘው መልቀቂያ አያስገቡ። ደመወዙ፣ የሥራ መደቡ፣ የሚጀምሩበት ቀንና የሙከራ ጊዜው ተጽፎ የተፈረመበት ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ፣ ነባሩን የሥራ ውልዎን አውጥተው የማስጠንቀቂያ ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ ይመልከቱ፤ አዲሱን ሥራ የሚጀምሩበትንም ቀን በዚያ ልክ ይነጋገሩ። ከዚያ ለቅርብ አለቃዎ በአካል ነግረው በዚያው ዕለት ደብዳቤውን ያስገቡ፤ ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ቢደርሳቸው የቀሩት ሳምንታት ይበላሻሉ። ደመወዝ ጨምረን እናቆይዎት ቢሉዎት፣ የሚለቁበት ምክንያት ገንዘብ ብቻ ከሆነ ሊያስቡበት ይችላሉ። ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት ግን ያደከመዎ ብቻዎን ተጠሪ መሆንዎ ነው፤ ረዳት ሰው እስካልተቀጠረ ድረስ ጭማሪው ያንን አይፈታውም።

ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት የምፈልገው ርክክቡን ነው። ብዙዎቻችን ርክክብ ሲባል የይለፍ ቃላት ዝርዝርና ጥቂት ገጽ ሰነድ ይታየናል። ለዓመታት ብቻውን የሠራ ሰው ሲወጣ አደጋ የሚያመጣው ግን በብዛት በእሱ ስም ተመዝግቦ፣ በጸጥታ ሲሠራ የኖረው ነገር ነው። ለምሳሌ የሌሊቱን ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) የሚያስነሳው ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስጀምር ፕሮግራም) በግል አካውንትዎ ሥር የተቀመጠ ከሆነ፣ አካውንቱ በተዘጋ ማግሥት ባክአፑ ይቆማል፤ መቆሙን የሚያሳውቀው ኢሜይልም የሚሄደው ወደ እርስዎ ሳጥን ስለሆነ ማንም ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የድርጅቱ ዋና አካውንት ሁለተኛ ማረጋገጫ በግል ስልክዎ ላይ ከሆነ ደግሞ፣ የይለፍ ቃሉን ቢያስረክቡም በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠው ቁጥር ከእርስዎ ጋር ከግቢው ይወጣል። ስለዚህ ደብዳቤውን ባስገቡበት ሳምንት በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ በስምዎ የሚሠራውን ሁሉ ፈልገው ለዚሁ ዓላማ ወደ ተከፈተ የአገልግሎት አካውንት ያዛውሩ፤ ኢሜይሎቹንም ከአንድ ሰው ይልቅ ለክፍሉ በጋራ ወደሚደርስ አድራሻ ይለውጡ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ጊዜው የሚያልፍበት ነገር ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ የሚሰጠው የድረ ገጽ ሰርተፍኬት (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ምስክር) በተለምዶ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ ድርጅቱ ቀድሞ ይልክ የነበረውን የማስታወሻ ኢሜይልም እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሟል። እድሳቱን በእጅዎ ይሠሩት ከነበረ፣ እርስዎ ከወጡ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ ድረ ገጹ ለሚጎበኘው ሰው ሁሉ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ማሳየት ይጀምራል። በክፍያ የሚገኙት ሰርተፍኬቶችም ቢሆኑ ዕድሜያቸው እያጠረ ነው፤ የብራውዘር አምራቾችና ሰርተፍኬት ሰጪዎች በ2025 በወሰኑት መሠረት ከፍተኛው ዕድሜ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ2029 ወደ 47 ቀን ይደርሳል፤ ስለዚህ እድሳቱን ራሱን በራሱ እንዲሠራ አድርጎ መውጣት ለተተኪዎ ትልቅ ውለታ ነው። የዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ምዝገባ፣ የሶፍትዌር ፈቃድና የኢንተርኔት አገልግሎት ውልም እንዲሁ የሚያልቁበት ቀን፣ የተመዘገቡበት ስምና ክፍያቸው የሚፈጸምበት መንገድ በአንድ ሰንጠረዥ ይስፈር።

ሰነዱን በተመለከተ ጥብቅ አስተያየት አለኝ። እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ በየቦታው ይገኛል፤ ለምን እንዲህ እንደተደረገ ግን ከእርስዎ በቀር የሚነግር የለም። ይህ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ላይ ያለ ደንብ ለምን ተጨመረ? ይህ አሮጌ ሰርቨር ለምን አልጠፋም? ይህን ሶፍትዌር ወደ አዲሱ ስሪት ማሳደግ ለምን ተከለከለ? ጊዜ ካጠረዎ እነዚህን አስቀድመው ይጻፉ።

ሰነዱ ካለቀ በኋላ ተረካቢው ኪቦርዱ ፊት ይቀመጥ፣ እርስዎ ከኋላ ይቁሙ፤ አይንኩ። አንድ ጊዜ ለተተኪዬ አንድ አፕሊኬሽን ወደ አዲስ ስሪት የሚያሳድገውን ስክሪፕት (ተከታታይ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) በዚህ መንገድ ሳስረክብ፣ ሰነዱን እያነበበ ትእዛዙን በትክክል ጻፈ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልእክት መጣ። ስክሪፕቱ የሚሠራው ከአንድ የተወሰነ ፎልደር ውስጥ ሲነሳ ብቻ ነበር፤ እኔ ወደዚያ ፎልደር መግባትን እጄ ስለለመደው እንደ አንድ የሥራ ደረጃ ቆጥሬው አላውቅም። እንዲህ ያለው ነገር ሰነድ በማንበብ አይገኝም። ባክአፕ መመለስን፣ ሰርቨር አጥፍቶ ማስነሳትን፣ አዲስ ተጠቃሚ መክፈትንና መዝጋትን ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ እንዲህ ያሠሩት፤ በተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ሰነዱን ራሱ ተረካቢው ያርመው።

ሌላ የምመክርዎት፣ ከመውጣትዎ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የአስተዳዳሪነት ፈቃድዎ በሙሉ እንዲታገድ ራስዎ ይጠይቁ። ብዙ አለቆች በዚህ ይገረማሉ። እርስዎ ገና ቢሮው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አካውንትዎ ሲዘጋ የሚሰበር ነገር ካለ በዚያው ቀን ይታያል፤ መልሱም አጠገባቸው አለ። ከወጡ በኋላ ቢሰበር ግን አንድም በስልክ ሲደወልልዎ ይከርማሉ፣ አንድም ሆን ብሎ ያደረገው ነው የሚል ጥርጣሬ ይነሳል።

ይህ ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ከሆነው ከሲስኮ የለቀቀ አንድ መሐንዲስ ከወራት በኋላ ወደ ድርጅቱ የክላውድ ሥርዓት ገብቶ 456 ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) በማጥፋቱ ከ16 ሺህ በላይ የዌብኤክስ ቲምስ (የስብሰባና የመልእክት አገልግሎት) አካውንቶች እስከ ሁለት ሳምንት ተዘግተው ነበር፤ ሰውየውም በ2020 የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የለቀቀ ሰው መግቢያው ክፍት ሆኖ መቅረቱ ለድርጅቱ አደጋ የመሆኑን ያህል ለንጹሑ ሠራተኛም አደጋ ነው፤ ችግር በተፈጠረ ቀን ስሙ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛልና። ስለዚህ የኤስኤስኤች ቁልፎችዎ (ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚያስገቡ ዲጂታል ቁልፎች) ከየሰርቨሩ መነሳታቸውን፣ የጋራ የይለፍ ቃላት መለወጣቸውን፣ የቪፒኤን (ከውጭ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ የሚያስገባ መስመር) ፈቃድዎ መቋረጡን በጽሑፍ አሳውቀው በርክክብ ሰነዱ ላይ ያስፈርሙ። የጻፉትን ኮድና ስክሪፕት፣ በራስዎ ላብ የተሠራ ቢሆንም፣ በፍላሽ ይዘው አይውጡ፤ ውልዎ ሌላ ካላለ በቀር የድርጅቱ ንብረት ነው። ይዘው የሚወጡት ዕውቀቱን ነው፤ ስክሪፕቱን አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና ሲጽፉት በአብዛኛው የተሻለ ይሆናል።

ወደ አዲሱ ሥራ ልለፍ። ክላውዱን አለማወቅዎ ያሰቡትን ያህል አያስጨንቅዎ። እንደ ሰብኔት፣ ራውቲንግ፣ ፋየርዎልና ዲኤንኤስ ያሉ የኔትወርክ ሥራዎች በእጁ ያለፉ ሰው በክላውድ ኔትወርክ ውስጥ እንግዳ አይሆንም፤ የሰርቨሮቹ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስም ያው ሊኑክስ ነው። በእውነት አዲስ የሚሆንብዎ የፈቃድ አሰጣጡ ውስብስብነትና መሠረተ ልማቱ በኮድ የሚጻፍ መሆኑ ነው። በእጅ ማስተካከል ለለመደ ሰው እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በቴራፎርም (መሠረተ ልማትን በኮድ የሚያስተዳድር መሣሪያ) የሚተዳደርን ነገር በክላውዱ ገጽ ላይ ገብተው በእጅ ቢለውጡት፣ ቀጥሎ ኮዱን የሚያስኬደው ባልደረባዎ ሳያስተውል ማስተካከያዎን ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ባለው ክፍት ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትተው እነዚህን ሁለቱን ይለማመዱ፤ ለልምምድ ያስነሱትን ማሽን በዕለቱ ማጥፋት አይርሱ፤ ክላውድ የሚያስከፍለው በተጠቀሙበት ሰዓት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀድሞ የነበሩበት ቦታ ይሠራ የነበረውን ዘዴ ለማስገባት አይቸኩሉ። ትክክል ቢሆኑም እንኳ ምክንያቱን ሳያውቁ የሚሰጡት አስተያየት ሰው ያስቀይማል። በአንድ የተረከብሁት ቦታ አንድ አገልግሎት በየሌሊቱ በስክሪፕት ጠፍቶ እንደገና ይነሳ ነበር፤ ለማየት የማይረባ ይመስላል። ስክሪፕቱን ሳልሰርዝ ጠየቅሁ፤ ሶፍትዌሩ ቀኑን ሙሉ ሚሞሪ እየያዘ የማይለቅ ጉድለት እንዳለበትና አቅራቢው እስኪያስተካክለው ድረስ ይህ እንደተደረገ አንድ ነባር ሠራተኛ አስረዳኝ። ያንን ሰው ባልጠይቅ ኖሮ የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረም። እርስዎም የሚሰሙትን እንዲህ ያለ ምክንያት በዚያው ቀን ይጻፉትና ባልደረቦችዎ በሚያዩት ቦታ ያስቀምጡት፤ አዲስ ገቢ ለቡድኑ በቶሎ ሊሰጥ የሚችለው ዋጋ ያለው ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመው እንዲጠይቁ የምለምንዎ አንድ ጥያቄ ግን አለ፦ ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረው መቼ ነው? ሁሉም ቦታ ባክአፕ አለን ይባላል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት አንድ መሐንዲስ የተጠባባቂውን ዳታቤዝ ፎልደር የሚያጸዳ መስሎት የዋናውን ሰርቨር ውሂብ አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲዞሩ የዕለቱ ባክአፕ በስሪት አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ ቆይቶ ነበር፤ ይህንን የሚናገሩት ኢሜይሎችም በመቀበያው ውድቅ ሲደረጉ ስለነበር ማንም አላያቸውም። ያዳናቸው አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ያነሳው ቅጂ ነበር። በሙያው የበሰሉ ሰዎች ባሉበት ይህ ከሆነ፣ እርስዎ በገቡበት ቦታ መጠየቁ ድፍረት አይሆንም። መልሱ «አናውቅም» ከሆነ፣ ለሙከራ በተለየ ማሽን ላይ መልሼ ልየው ብለው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ሥርዓቱንም በዚህ አጋጣሚ ከውስጥ ያውቁታል።

የሌሊት ተረኛነትን በተመለከተ፣ ያደከመዎ እሱ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን ከመፈረምዎ በፊት በግልጽ ይጠይቁ፦ ተራው በስንት ሰው መካከል ይዞራል፣ ሌሊት የሠራ ሰው በማግሥቱ ያርፋል ወይ፣ ተረኛው ካቃተው ቀጥሎ የሚደወለው ለማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የሰው ስም ካልተሰጠዎት፣ ያ ሰው እርስዎ ሊሆኑ ነው ማለት ስለሆነ በዚያው ስብሰባ ላይ ተነጋገሩበት። ከገቡም በኋላ ብቻዎን ተረኛ ከመሆንዎ በፊት ከነባር ሠራተኛ ጋር አብረው ቢያንስ አንድ ዙር እንዲያሳልፉ ይጠይቁ።