መልስ፦ መርፌ ሳይ ራሴን እስታለሁ፣ የደም ምርመራ እንዴት ላድርግ?
አይዞሽ እህቴ፣ ሲቢቲ የሚባለው የንግግር ሕክምና ለዚህ ጥሩ መላ አለው። አብዛኛው ፎቢያ (ከልክ ያለፈ ፍርሃት) የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የደምና የመርፌ ፍርሃት ግን መጀመሪያ ከፍ፣ ከዚያ ድንገት ዝቅ ያደርገዋል፤ የምትወድቂውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «ዘና በይ» የሚሉሽን አትስሚ! ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ዮራን ኧስት ያዳበረው ዘዴ ተቃራኒው ነው። ቁጭ ብለሽ የክንድሽን፣ የእግርሽንና የሆድሽን ጡንቻ ፊትሽ ሞቅ እስኪል፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ወጥሪ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ለቀቅ አድርጊና ደጋግሚው። ሲለምድሽ ወደ መርፌው ቀስ በቀስ ቅረቢ፦ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ከዚያ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ በእጅሽ መያዝ። ፍርሃቱ ጋብ ሳይል ግን አትሽሺ። የምርመራው ቀን ለባለሙያው አስቀድመሽ ንገሪ፣ ጋደም ብለሽ ይውሰዱልሽ። ያን ጊዜም ጡንቻሽን ወጥሪ፤ የሚወጋው ክንድሽ ብቻ ላላ ይበል።