69 ነጥብ አለኝ፤ ለምን አልተጠራሁም?

በዚህ እትም የመለስናቸው አምስቱም ጥያቄዎች ከጅማ የመጡ ናቸው፤ ባለሙያን በነጥብ እየመዘኑ ስለሚቀበሉ አገሮች ይጠይቃሉ። ደንብና ቁጥር በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የየአገሩን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ራስዎ ከፍተው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ አላገባሁም። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈትኜ በማዳመጥ 7.5፣ በማንበብ 6.5፣ በመጻፍ 6.5፣ በመናገር 7 አመጣሁ። የካናዳ ማለፊያ 67 ነው ሲባል ደምሬ 69 አገኘሁ። ፕሮፋይል ከከፈትኩ 8 ወር አለፈኝ፤ የጠራኝ ግን የለም። ምን አጠፋሁ? (ከመርካቶ ሰፈር)

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ ድምርዎም ልክ ነው። ለቋንቋ 21፣ ለዲግሪ 21፣ ለሥራ ልምድ 15፣ ለዕድሜ 12፤ በድምሩ 69። ችግሩ ካናዳ ሁለት ሚዛን ያላት መሆኑ ነው። ከ100 የሚታሰበውና 67 የሚጠይቀው የመጀመሪያው ሚዛን ኤክስፕረስ ኢንትሪ ወደሚባለው የባለሙያ አመልካቾች መዝገብ ከማስገባት አያልፍም። መዝገቡ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሲ.አር.ኤስ በሚባል፣ ከ1,200 በሚታሰብ ሌላ ሚዛን ከሌላው ተመዝጋቢ ጋር ይሰለፋሉ። ከዚያ በየዙሩ ከላይ ያሉት ብቻ ማመልከቻ እንዲያስገቡ ይጠራሉ። መቁረጫው ቀድሞ አይነገርም፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በሁለት ዙር 549 እና 529 ነበር።

በዚህኛው ሚዛን የእርስዎ ውጤት 357 ነው። ዕድሜዎ 99፣ ዲግሪዎ 120፣ እንግሊዝኛዎ 100 ያመጣል። የቀረው 38 ከጥምረት የሚገኝ ነው፤ ዲግሪ ከቋንቋ ጋር 13፣ የአገር ቤት የሥራ ልምድ ከቋንቋ ጋር 25። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከካናዳ ውጭ የተሠራ ሥራ በሲ.አር.ኤስ ለብቻው አንድም ነጥብ የለውም። 6 ዓመትዎ የሚቆጠረው እንግሊዝኛዎ ሲደግፈው ነው፤ የድጋፉ መጠንም በአራቱ የፈተና ክፍሎች በዝቅተኛው ይወሰናል።

ስለዚህ ግማሽ ነጥብ ቀላል አይደለችም። በማዳመጥ 8፣ በማንበብ 7፣ በመጻፍ 7 ቢያመጡና መናገሩ ባለበት 7 ቢጸና፣ በካናዳ የቋንቋ መለኪያ በአራቱም ደረጃ 9 ይደርሳሉ። ያን ጊዜ የቋንቋው 100 ወደ 124፣ የዲግሪው ጥምረት ከ13 ወደ 25፣ የልምዱ ከ25 ወደ 50 ያድጋል፤ ድምሩ 418 ይሆናል። ሦስት ግማሽ ነጥቦች 61 ነጥብ አመጡ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ መጻፍ ብቻውን 6.5 ላይ ቢቀር ግን ድምሩ 373 ነው፤ በአንዲት ግማሽ ነጥብ 45 ቀረብዎ። ብዙዎችን የሚጥለው መጻፉ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው እንደገና ከመፈተንዎ በፊት የጻፉትን የሚያርምልዎ ሰው ይፈልጉ። የሚፈተኑትም ጄነራል ትሬኒንግ የሚባለውን ይሁን፤ አካዳሚኩን ካናዳ ለዚህ ጉዳይ አትቀበልም።

418 ቢደርሱም ግን ለአጠቃላይ ዙር እንደማይበቃ ከላይ ካለው መቁረጫ ያዩታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የበዙት ዙሮች ካናዳ ውስጥ ለሠሩ፣ ክፍለ ሀገር ለመረጣቸው፣ ፈረንሳይኛ ለሚያውቁና ለተወሰኑ ሙያዎች ነበሩ። ክፍለ ሀገር ከመረጠዎ 600 ነጥብ ይጨመርልዎታል፤ ነገሩ ያኔ አለቀ። ያ ካልተገኘ የእኛ ምክር ፈረንሳይኛ ነው። በአራቱም ክፍል ደረጃ 7 ካመጡ 50 ጉርሻ፣ በሁለተኛ ቋንቋነቱ ደግሞ 12፣ በድምሩ 62 ያገኛሉ፤ ያሁኑ 357ዎ ወደ 419 ይወጣል። ጥቅሙ ከእንግሊዝኛው ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ሰልፉ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ፈረንሳይኛ ለሚችሉ በተከፈተ ዙር መቁረጫው 379 ነበር። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ከዓመት በላይ የሚፈጅ ጥናት እንደሆነም አንደብቅዎትም።

እስከዚያው ቀኖቹን ይቁጠሩ። ፕሮፋይሉ የሚያገለግለው 12 ወር ነው፤ የቋንቋ ውጤት 2 ዓመት፣ የትምህርት ግምገማ (ዲግሪዎ በካናዳ ከየትኛው እንደሚመጣጠን የሚያሳየው ሰነድ) 5 ዓመት። 32 ዓመት በሚሞላዎ ዕለት 99ኙ ወደ 94 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራ መደቤን፣ ደመወዜንና ግብር የከፈልኩ መሆኑን ብቻ ነው የሚለው። ለካናዳ ይበቃል? (ከጅረን አካባቢ)

መልስ፦ አይበቃም። ፋይል መርማሪው የሚፈልገው የትኛው ሙያ ላይ፣ ስንት ሰዓት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ ነው። ደብዳቤው የድርጅቱ አርማና አድራሻ ባለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ የሥራ መደብዎን፣ ዋና ዋና ተግባራትዎን፣ በሳምንት የሚሠሩትን ሰዓት፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅምዎን፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ቀን መያዝ አለበት፤ ከታች የኃላፊው ስም፣ ማዕረግ፣ ፊርማና ማኅተም ይኑር። ሙሉ ጊዜ የሚባለው በሳምንት 30 ሰዓት፣ በዓመት 1,560 ሰዓት ነው፤ ሃምሳ ሰዓት ቢሠሩም ትርፉ አይቆጠርልዎም። በትምህርት ጊዜ ያለ ክፍያ የወጡበት አፓረንትሺፕም ከዚህ አይገባም።

የመደቡ መጠሪያ ብቻውን ዋጋ የለውም። ካናዳ ሙያዎችን የመደበችበት ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱ ሙያ ቁጥርና የተግባራት መግለጫ አለው። ደብዳቤዎ ላይ «መሐንዲስ» ተብሎ ተግባሩ የሳይት ተቆጣጣሪ ከሆነ የሚመዘኑት በተግባሩ ነው። መግለጫውን ቃል በቃል ገልብጦ ማስጻፍ ደግሞ ጥርጣሬ ይጋብዛል፤ የሠሩትን በራስዎ ቋንቋ ያስጽፉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ካለው ቅጽ ውጭ አልጽፍም ቢል ብዙም አይደንቅም። ያን ጊዜ ቅጹን እንዳለ ይውሰዱና የቅርብ አለቃዎ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ማኅተም የተመታበት የሥራ ዝርዝር መግለጫ፣ የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ሰነድና የጡረታ መዋጮ ማስረጃ አያይዘው፣ ለምን ሁለት ደብዳቤ እንደሆነ በአንድ ገጽ ያስረዱ።

ከሁሉ የሚብሰው የቀን ጉዳይ ነው። «ጥር 2012» የሚለውን ተርጓሚው የወሩን ስም ብቻ ለውጦ 2012ን እንዳለ ሲተወው በተደጋጋሚ ይታያል፤ ትክክለኛው እ.ኤ.አ. 2020 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ታኅሣሥ 25 ቀን 1985 የተወለደ ሰው የፈረንጅ ልደቱ ጥር 3 ቀን 1993 ነው፤ 7 የደመረ አንድ ዓመት ያስረጀዋል። በነጥብም ይጎዳል፣ ከፓስፖርቱም አይገጥምም። በአፋን ኦሮሞ የተሰጠዎትን የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንዲሁም የአማርኛውን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ሲያስተረጉሙ ዋናውን ቅጂ አብረው ያያይዙ። የአባትና የአያት ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን፤ ዲግሪው ላይ ሌላ ከሆነ አሁኑኑ ማብራሪያ ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ እኔ 37 ዓመቴ ነው፤ በቡና አግሮኖሚ ማስተርስ አለኝ፣ 8 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ 30 ዓመቷ፣ ነርስ ናት፤ የመጀመሪያ ዲግሪና 4 ዓመት ልምድ አላት። የእኔ እንግሊዝኛ በአራቱም ደረጃ 9፣ የሷ 7 ነው። ዋና አመልካች ማን ይሁን? የቡና መሬታችን እንደ ገንዘብ ይቆጠርልናል? (ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ አሁን ባለው ውጤት እርስዎ ይሁኑ። በእርስዎ ስም ሲሰላ ዕድሜ 60፣ ትምህርት 126፣ ቋንቋ 116፣ ጥምረት 100፣ ከባለቤትዎ 20፤ ድምሩ 422 ነው። በእሷ ስም 339 ይወጣል። እሷ ግን እንግሊዝኛዋን ደረጃ 9 ካደረሰች በእሷ 428፣ በእርስዎ 430 ይሆናል፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ያኔ የሚወስነው ሙያ ነው። ካናዳ ለጤና ባለሙያ ለብቻው ዙር ስለምትከፍት በእሷ ስም ማመልከቱ ሊሻል ይችላል። ሁለታችሁም በየራሳችሁ ፕሮፋይል ከፍታችሁ አንዳችሁ ሌላውን እንደ ቤተሰብ ማስመዝገብም ትችላላችሁ።

ነርስነቷ ለነጥብ የሚያስፈልገው ተራ የትምህርት ግምገማ ነው፤ ለመሥራት ግን የየክፍለ ሀገሩ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል። ሐኪም፣ ፋርማሲስትና አርክቴክት ግን ግምገማውንም በየሙያቸው ማኅበር በኩል ነው የሚያሠሩት። የግምገማው ድርጅት ትራንስክሪፕቱን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ ስለሚፈልግ፣ ያልተከፈለ ኮስት ሼሪንግ ካለ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚያ ነው።

ካናዳ ለመቋቋሚያ ለምትጠይቀው ገንዘብ የቡናው መሬትም ቤቱም አይቆጠርም። የሚታየው በስማችሁ ባንክ ያለና ብድር ያልሆነ ጥሬ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በወጣው ተመን ለአንድ ሰው 15,263፣ ለአራት ቤተሰብ 28,362 የካናዳ ዶላር ነበር። የባንኩ ደብዳቤ የ6 ወር አማካይ ቀሪ ሒሳብና ያለባችሁን ብድር መግለጽ አለበት፤ ከማመልከቻው ሳምንት በፊት በድንገት የገባ ገንዘብ ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሞልቶ የነበረ ሒሳብ በዶላር ጎድሎ ሊገኝ ስለሚችል ትርፍ ያዙ። ልጅ ካለም፣ አብሮ ባይሄድም፣ ይመዝገብ። ያልተመዘገበ የቤተሰብ አባል በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰር አይወሰድም።

ጥያቄ፦ 42 ዓመቴ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ከቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 አለኝ፣ 12 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባለትዳር ነኝ። ለካናዳ አርጅተሃል አሉኝ። ሌላ አገርስ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ በካናዳ ለባለትዳር 42 ዓመት የሚሰጠው ነጥብ በእርግጥ ትንሽ ነው። አውስትራሊያ እስከ 44 ታያለች። ለዕድሜዎ 15፣ ለሙያ ትምህርቱ 10፣ ከ8 ዓመት በላይ ለሆነ ልምድ 15፣ በአይኤልትስ በአራቱም 7 ካመጡ 10፣ ባለቤትዎ በአራቱም 6 ካመጡ 5፤ ድምሩ 55 ነው። ማለፊያው 65 ስለሆነ የክልል መንግሥት ድጋፍ ያለበት የገጠር ቪዛ 15 ጨምሮ 70 ያደርሰዎታል። ከሁሉ በፊት ግን የሙያ ምዘና ማለፍ አለብዎ፤ ልምድ የሚቆጠረውም መዛኙ ከተቀበለው ቀን ጀምሮ ስለሆነ 12ቱ ዓመት ሊያንስ ይችላል።

ጀርመን ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕድል ካርድ የሚባል፣ ሥራ ፍለጋ ለአንድ ዓመት የሚያስገባ ፈቃድ አላት። የሚያስፈልገው 6 ነጥብ ነው። ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ በሙያዎ 5 ዓመት ከሠሩ 3 ያገኛሉ፤ ጀርመንኛን ቢ2 ወደሚባለው ደረጃ ካደረሱ ሌላ 3። ከ40 በላይ ለሆነ ዕድሜ ነጥብ የለም፤ ክልከላም የለም። ሥልጠናዎ ቢያንስ 2 ዓመት የፈጀና በመንግሥት የታወቀ መሆኑ በጀርመን በኩል መረጋገጥ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 በዝግ ሒሳብ (ለኑሮ ተቀምጦ በየወሩ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ) በወር 1,091 ዩሮ፣ የዓመቱ 13,092 ዩሮ ይጠየቅ ነበር፤ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ለእርስዎ የሚቀርበው ይሄ ይመስለናል። እንግሊዝ 70 ነጥብ ትላለች እንጂ አሠሪ ሳይኖር ነጥቡ አይሞላም።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ «የካናዳ የሥራ ደብዳቤ ልግዛልህ፣ 200 ነጥብ ያስገኝልሃል» አለኝ። እውነት ነው? (ከሄርማታ)

መልስ፦ ነጥቡ ድሮ ነበር። ካናዳዊ አሠሪ እቀጥረዋለሁ ብሎ ለሚጽፈው የሥራ ደብዳቤ በሲ.አር.ኤስ ይሰጥ የነበረው 50 ወይም 200 ነጥብ መጋቢት 25 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል፤ ደላላዎ ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው የመጣው። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው 5 ዓመት ካናዳ እንዳይገባ ይታገዳል፤ ያዘጋጀው ደላላ ቢሆንም የሚታገደው አመልካቹ ነው። ፕሮፋይል መክፈት በነፃ ነው። ግብዣ ከደረሰ በኋላ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት 60 ቀን ይሰጣል። እኛ አገር ከፖሊስ አሻራ እስከ ትርጉም ያለው ውጣ ውረድ ሲታሰብ ይህ አጭር ስለሆነ፣ ከፖሊሱ ማስረጃ በቀር ሌላውን ግብዣው ሳይመጣ በፊት ያሰናዱ።