ከሐዋሳ ወጣ ብሎ፦ ጸጥ ያሉ የሳይክል መንገዶች (ጥያቄና መልስ)

ሐዋሳና ዙሪያዋን በሳይክል ማሰስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው እሁድ ከጉዞ ተመልሰን ቡና ስንጠጣ፣ ስለ ገጠር መንገድ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቅ ተባለ። ጥያቄው አላባራም። የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን እነሆ። ብዙ ሰው የጠየቀውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ መኪና የሌለበት መንገድ ሐዋሳ አካባቢ እውነት አለ? በየትኛውም መውጫ ብወጣ ባጃጅና ሲኖትራክ ነው።

መልስ፦ ጭራሽ መኪና የማያይ መንገድ አለ ብዬ አልዋሽህም። በሰዓት አንድ ሞተር ሳይክልና ሁለት የአህያ ጋሪ ብቻ የሚያልፍበት ግን ሞልቷል። ችግሩ አብዛኞቻችን የምናውቀው ዋናውን አስፋልት ብቻ መሆኑ ነው። በጥቁር ውሃ ወደ ሻሸመኔ፣ በቱላ ወደ ይርጋለም የሚወስደው አስፋልት አዲስ አበባን ከሞያሌ የሚያገናኘው ነው። ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ከእሱ ወርደህ የቀበሌ መንገድ ስትይዝ ሌላ አገር የገባህ ይመስልሃል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከቀበሌ፣ ቀበሌን ከወረዳ የሚያገናኝ ብዙ ጠጠር መንገድ ተሠርቷል። መንገዱ ገባ እንጂ መኪናው ገና አልበዛም። ለእኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ጥያቄ፦ የማላውቀው መንገድ ጸጥ ያለ መሆኑን ሳልገባበት በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ከሳይክልህ ውረድና መሬቱን እይ። መኪና ሁለት መስመር ይተዋል፤ ካልበዛ መሃሉ ላይ ሣር ሊበቅል ይችላል። ባጃጅ ግን ሦስት እግር ስላለው የፊት ጎማው መሃሉን ይረግጠዋል። ስለዚህ በመንገዱ መሃል ለምለም ሣር ካየህ መኪናም ባጃጅም አያዘወትረውም ማለት ነው። ግባ።

ሁለተኛው ምልክት ኮረኮንቹ ነው። ያ ጥርስ የሚያንገጫግጭ፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተሸበሸበ መንገድ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ደረቅ ጠጠር ላይ ጎማ በፍጥነት ሲያልፍ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር ጠጠሩን እየገፋ ይከምረዋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጋሪና የከብት ኮቴ እንዲህ አያደርግም። ኮረኮንች የበዛበት መንገድ መኪና የሚከንፍበት ነው። ሌላ ፈልግ።

ሦስተኛው ሰው ነው። መንገድ ዳር እህል ተሰጥቶ ካየህ፣ ጥጃ መሃል መንገድ ላይ ተኝቶ ካየህ፣ እዚያ መኪና ብርቅ ነው።

ካርታም ይረዳል። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቀጫጭን የገጠር መንገዶችንም ያሳያል። ግን ካርታው ስለ ገበያ ቀን አይነግርህም። ማክሰኞ ባዶ የነበረው መንገድ በገበያው ቀን በአይሱዙ፣ በጋሪና በተጫነ አህያ ይሞላል። የገበያውን ቀን ከሰፈሩ ሰው ጠይቅ። ሰዓቱም ያው ነው፤ ከንጋቱ 12 ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን የሚያህል የለም።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። የመጀመሪያ መንገዴ የት ይሁን?

መልስ፦ ከቱላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዶሬ ባፋኖ አቅጣጫ ያሉትን የቀበሌ መንገዶች ሞክሪ። ከሐዋሳ ቱላ ያለውን አስፋልት በሳይክል አትጀምሪው፤ ሳይክሉን አስጭነሽ ሂጂ። አያሳፍርም፣ እኔም አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንሰት፣ በቆሎ፣ አጥር ዳር የተሰቀለ ልብስ ነው የምታዪው። የአላሙራ ተራራን ወደ ሰሜን እያየሽ ከሄድሽ አቅጣጫ አይጠፋሽም። ለመጀመሪያ ቀን 10 ኪሎ ሜትር ሂጂና ተመለሽ። ጠጠር ላይ በሰዓት 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ጥሩ ፍጥነት ነው። በአስፋልት ልክ አትለኪው።

ጥያቄ፦ ወንዶ ገነት በሳይክል ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል፣ ግን አስቡበት። በሻሸመኔ በኩል የሚገባው አስፋልት ነው፤ አካባቢው ጫት አብቃይ ነው። ጫት የጫነ መኪና ደግሞ ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ አለበት፤ አይጠብቅህም። ከኋላ ጥሩምባ ስትሰማ አትከራከር። ከአስፋልቱ ውጣና ቁም። እኔ የምወደው ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለውን የጨለለቃን ረግረግ ነው። ድሮ ሐይቅ ነበር። ደለል እየሞላው ሣርና ረግረግ ሆነ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከዚያ ተነሥቶ ነው ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው። በማለዳ ከብቶች ጭጋግ ውስጥ እስከ ሆዳቸው ሣር ውስጥ ገብተው ሲግጡ፣ ነጫጭ ወፎች ጀርባቸው ላይ ቆመው ታያለህ። እዚያ ለመድረስ እረኞችን ጠይቅ። መሬቱ የሚያሰምጥበትን ቦታ እነሱ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ታቆማላችሁ?

መልስ፦ አናቆምም፤ መንገድ እንቀይራለን። ሰዎች ይህን ስለማያውቁ ግማሽ ዓመት ሳይክላቸውን ይሰቅላሉ። ሐዋሳ ዙሪያ ዝቅ ያለው መሬት አሸዋማ ነው፤ ከድሮ እሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል አፈር አለበት። ውሃ ቶሎ ይመጥጣል። ስለዚህ ዝናብ ከዘነበ በማግስቱ ጠንካራና ምቹ ይሆናል። በጥርና በየካቲት ግን ይፈራርስና ጎማ ይውጣል። ወደ ለኩና ከዚያ በላይ ወዳለው ደጋ ስትወጡ ደግሞ አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው። በበጋ እንደ አስፋልት ይሆናል። ሲዘንብ ጎማና ፍሬን መሃል እየተጠቀጠቀ ቸርኬው መዞር እስኪያቅተው ይይዛል። በበጋ ቀዩን፣ በክረምት አሸዋውን ያዙ።

አሸዋውን የተማርኩት ወድቄ ነው። ጎማዬን እስኪደነድን ነፍቼ፣ ቁልቁል ስወርድ መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማዬ ሰመጠ። ከክርኔ እስከ አንጓዬ ተላጠ። አንዲት እናት ከጓሯቸው በጆግ ውሃ ይዘው ወጡ፤ አሸዋውን በጣታቸው እየጠረጉ አጠቡልኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስንት ልንፋ? ቀጭን ጎማ ያለው ሳይክልስ ይሆናል?

መልስ፦ ቀጭኑን ለአስፋልት ተወው። ወርዱ 2 ኢንች የሆነ የማውንቴን ጎማ ካለህና ክብደትህ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። ጎሚስታው ጋ ስትሄድ “ደህና አድርገህ ንፋልኝ” አትበል፤ ድንጋይ ያደርግልሃል። ልኩን ንገረው።

የግራር እሾህ ደግሞ አለ። ጎማ ሲተነፍስ ካላማዳሪያውን ለጥፎ መልሶ መክተት ብቻ አይበቃም። እሾኹ ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። የጎማውን ውስጥ በጣትህ ቀስ ብለህ ዳብሰው። ያቺን ስብርባሪ እስክታገኛት አትቸኩል። ካለበለዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ እንደገና ትተነፍሳለህ።

ጥያቄ፦ ለሴት ብቻዋን መሄድ ይመከራል?

መልስ፦ አብረውን ከሚነዱት ሴቶች የሰማሁትን ልንገርሽ። አዲስ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን አይገቡም። ሁለት ሦስት ጊዜ በቡድን ይሄዱበታል፤ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ሴቶች ጋር ይተዋወቃሉ፤ ሙዝም አቮካዶም ይገዛሉ። በአራተኛው ጊዜ ብቻቸውን ሲመጡ በስም የሚጠራቸው ሰው አለ። የምትሄጂበትንና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሪ። ይህኛው ለወንዱም ነው። ልብሽ ያልወደደው መንገድ ካለ ተመለሺ፤ ለማንም ማስረዳት የለብሽም።

ጥያቄ፦ ውሻ ሲያባርረኝስ? ልጆችስ ድንጋይ ሲወረውሩ?

መልስ፦ ውሻው ከሮጥክ ይሮጣል። ውረድ፣ ሳይክሉን በአንተና በእሱ መሃል አድርገህ ቀስ ብለህ እለፍ። ከነከሰህ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና ሳሙና እጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክት ካሳየ መድኃኒት የለውም። ልጆቹን በተመለከተ፣ እኔ ራቅ ብዬ ሳለሁ ፍጥነቴን ቀንሼ ቀድሜ ሰላም እላለሁ። በሲዳምኛ “ኬሬ” ማለት ሰላም ነው። ይህን የሰማ ልጅ ይስቃል፣ ድንጋዩን ይረሳል። ከረሜላ አታድሉ፤ የሚቀጥለውን ሳይክል ነጂ እንዲያሳድዱት ታስተምሯቸዋላችሁ። መንገዱ የእነሱ ደጅ ነው። ከብት ሲያጋጥም ከኋላ አትጩሁ፤ እረኛው እስኪያሳልፋችሁ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ስንቅ ምን ትይዛላችሁ?

መልስ፦ በሶ። ጨውና ማር ጨምሮ በውሃ በጥብጦ። ቆሎም። ውሃ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄን የት ላለማምደው?

መልስ፦ እሁድ ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ ሰው ሳይበዛ። ገጠሩ ይቆየው። መጀመሪያ ፍሬን በሁለት እጁ መያዝ ይልመድ።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ ሐዋሳን በሳይክል ነው ያደግኩባት። አሁን ከ60 አልፌያለሁ፣ ጉልበቴም ያመኛል። ሳይክሌ እስካሁን ቤት ቆሟል። ይቻለኝ ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሐኪምዎ ካልከለከለዎት ይቻልዎታል። ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚታመመው ኮርቻው ዝቅ ሲል ነው። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ታች ሲገፉ እግርዎ ሊዘረጋ እስኪቃረብ ድረስ ኮርቻውን ከፍ ያድርጉት። በከባድ ማርሽ አይግፉ፤ ቀላሉን ይዘው ቶሎ ቶሎ ያሽከርክሩ። ዳገት ሲመጣ ይውረዱና ይግፉት፤ እኛም እንወርዳለን። ብዙ ዓመት የቆመ ሳይክል ግን ጎማውም የፍሬን ገመዱም ይደርቃል፣ እንዳይነዱት። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ቤትዎ እመጣለሁ፤ ካቴናውን ዘይት ቀብተን፣ ገመዱን ቀይረን አብረን እናየዋለን።