30 ሜትሩ ፒክስል 5 ሜትር ሲሆን

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የጂኦሎጂ የማስተርስ ተማሪ ስሆን፣ የካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) ስርጭትን ለማጥናት ፕሪዝማ ከተባለው የጣሊያን ሳተላይት የተነሡ ሃይፐርስፔክትራል (ብርሃንን በብዙ ቀጫጭን ባንዶች ከፋፍለው የሚመዘግቡ) ምስሎችን እጠቀማለሁ። የአንዱ ፒክስል ጎን 30 ሜትር በመሆኑ ግን ጠባብ የማዕድን ሥሮች አይታዩኝም። የክፍል ጓደኛዬ በዲፕ ለርኒንግ (ከምሳሌዎች በሚማር ኒውራል ኔትዎርክ) ምስሉን ወደ 5 ሜትር ማውረድ እንደሚቻል ነግሮኛል። ውጤቱን ለማዕድን ካርታዬ ብጠቀምበት ያስኬዳል?

መልስ፦ ጓደኛዎ አልተሳሳቱም፤ ሆኖም ከ5 ሜትሩ ምስል ውስጥ የቱ እንደተለካና የቱ እንደተገመተ ሳይለዩ ካርታ መሥራት አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ሕዋ የመጠቀው ፕሪዝማ ከ400 እስከ 2500 ናኖ ሜትር ያለውን ብርሃን ከ230 በላይ ወደሆኑ ቀጫጭን ባንዶች ይከፋፍላል። ለእያንዳንዱ ባንድ የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ፒክስሉም ትንሽ ቢሆን ኖሮ መረጃው በመሣሪያው ጫጫታ (በዘፈቀደ በሚፈጠር የመለኪያ መዛባት) ይዋጥ ነበር። በአንጻሩ አብሮት የተጫነው ፓንክሮማቲክ ካሜራ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለውን ብርሃን ሳይከፋፍል በአንድነት ስለሚቀበል እስከ 5 ሜትር ድረስ አጥርቶ ያያል። ኒውራል ኔትዎርኩ የሚሠራው ሁለቱን በማጣመር ሲሆን፣ ከአንዱ ሃይፐርስፔክትራል ፒክስል 36 ትናንሽ ፒክስሎችን ያወጣል ማለት ነው።

ችግሩ ለሥልጠና የሚሆን እውነተኛ የ5 ሜትር ሃይፐርስፔክትራል ምስል ከሳተላይቱ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ምስሎች ስድስት እጥፍ እንዲደበዝዙ ይደረግና፣ ኔትዎርኩ ከ180 ሜትር ወደ 30 ሜትር መመለስን ይማራል፤ ከዚያም በዚያው ልማዱ ከ30 ወደ 5 ይወርዳል። በ180 ሜትር ላይ የሚታየው የመሬት ገጽታ በ30 ሜትር ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ዓይነት ጸባይ አለው ብሎ መነሣት ለሰፋፊ ማሳዎች ሊያዋጣ ይችላል፤ ለእርስዎ ጠባብ ሥሮች ግን እጠራጠራለሁ።

ከዚህ የሚብሰው፣ የካኦሊን ዋና ማዕድን የሆነው ካኦሊናይት ብርሃን ውጦ ራሱን የሚያሳውቀው በ2200 ናኖ ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። ፓንክሮማቲኩ ወደዚያ ፈጽሞ አይደርስም። በሚታየው ብርሃን ነጣ ያለ አፈር ሲያይ ኔትዎርኩ ካኦሊን ነው ብሎ ሊመድብ ይችላል፤ ኖራም ቢሆን ነጭ ነው።

የ36ቱን ፒክስሎች አማካይ መልሰው ቢያወጡ የመጀመሪያው የ30 ሜትር ስፔክትረም (በየባንዱ የተለካው የብርሃን መጠን) መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ምስሉን ይተዉት። ቢገኝም ግን ማዕድኑ በ36ቱ መካከል በትክክል ለመደልደሉ ማስረጃ አይሆንም፣ ምክንያቱም እልፍ የተለያዩ አደላደሎች ያንኑ አማካይ ይሰጣሉ። እኔ ብሆን ማዕድኑን ከዋናው የ30 ሜትር ምስል እለይና፣ 5 ሜትሩን ለመስክ ሥራ ቦታ መምረጫ ብቻ አደርገው ነበር፤ ናሙናም አስቀድሜ የማነሣው ሁለቱ ካርታዎች ከማይስማሙበት ቦታ ነው።