የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም

ሰላም ልጆች። ዕድሜዬን በድሬዳዋና በሐረር መካከል እየተመላለስኩ የኖርኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ለፈተና እያጠናች ደብተሯን ይዛ መጣች። ርዕሱ ደንደሴ እንስሳት ነው፣ ጀርባ አጥንት ያላቸው ማለት ነው። ዓሦች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አእዋፍ፣ አጥቢዎች ብላ አምስቱንም አንበለበለችልኝ።

«የሌሊት ወፍስ የት ትመደባለች?» አልኳት።

«ወፍ ናታ!»

«ለምን?»

«ስሟ ላይ አለ እኮ።»

አልፈረድኩባትም። ስሟ ያሳስታል። ዓሣ ነባሪም እንደዚያው ነው፤ ስሙ ዓሣ ይላል፣ እንስሳው ግን በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁንም ወተት ያጠባል። ወላጆቻችን የሚያወሩት ተረት ትዝ ይላችኋል? ወፎች ግብር ሲጠይቋት ጥርሷን አሳይታ አይጥ ነኝ ትላለች፣ አይጦች ሲመጡ ደግሞ ክንፏን ዘርግታ ወፍ ነኝ ትላለች። እናንተ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩአት። ላባ የላትም፣ ጸጉር ነው ያላት። እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ክንፍ የምንለው በረጃጅም ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ቆዳ ነው። አጥቢ ናት።

ሰንጠረዡን ከመሸምደዳችሁ በፊት እንስሳውን እዩ። ይኼን ለማለት ነው የምጽፍላችሁ። ሰንጠረዡን የሠሩት ሰዎችም መጀመሪያ ያዩት እንስሳውን ነው።

ከጀርባ አጥንት ጀምሩ። ቄራ ውስጥ ብዙ ዓመት ስሠራ የግመል አንገት ስንት አንጓ እንዳለው ደጋግሜ ቆጥሬያለሁ፤ ሰባት ነው። የፍየልም ሰባት፣ የእናንተም ሰባት። የባቢሌ ዝሆን አንገት የለውም እስኪባል አጭር ነው፣ እሱም ሰባት። ከአጥቢዎች ከዚህ ቁጥር የሚወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዶሮ አንገት ግን የዚህ እጥፍ ገደማ አለው። ደግሞ ሲንቀሳቀሱ ተመልከቱ። እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ስትሮጥ ጀርባዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይተጣጠፋል፣ ዓሣም ሲዋኝ እንደዚያው። ድመት ስትሮጥ ግን ጀርባዋ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ዓሣ ነባሪም ጭራውን የሚመታው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ባሕር ውስጥ እየኖረ እንኳ የአጥቢ ጀርባውን አልጣለም። እኔ ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት የታመመች ዶሮ አመጡልኝ። እንዳትንፈራገጥ ብዬ ደረቷን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት። ዝም አለች። ተረጋጋች ብዬ ምርመራዬን ቀጠልኩ። ሞታ ነበር። እኛ አጥቢዎች ሳንባችንን የሚስብልን ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ከደረታችን በታች አለን። ወፍ የላትም። የደረት አጥንቷ ወደ ታችና ወደ ላይ ካልተንቀሳቀሰ አየር አይገባላትም። አፏንም አፍንጫዋንም ሳልነካ አፍኜ ገደልኳት ማለት ነው። ፈተና ላይ «ወፍ ላባና ምንቃር አላት» ብዬ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ፣ ለዚያች ዶሮ ግን አልጠቀማትም። እናትየው ምንም አላሉኝም፤ ዝም ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዷት።

ኤሊ ደግሞ አለች። ከድሬ ወደ ሐረር የተዛወሩ ቤተሰቦች ኤሊያችን መብላት አቆመች፣ መርፌ ውጋልን ብለው መጡ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ግን ከ1,800 በላይ፤ ክረምት ላይ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ገበሎ አስተኔ ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። ስትበርድ ምግቧ እንኳ በደንብ አይፈጭላትም። መርፌ አልወጋሁም፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጧት፣ ጥላም አጠገቧ ይኑር አልኳቸው። ከቀናት በኋላ በላች። አጥቢና ወፍ ግን ሙቀታቸውን ራሳቸው ያመነጫሉ። ግመል ከዚህም ያልፋል፤ ውኃ ሲጠማው ሰውነቱ ሌሊት እስከ 34 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ፣ ቀን እስከ 40 እንዲሞቅ ይፈቅዳል፣ በላብ የሚያጠፋውን ውኃ ለመቆጠብ። ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ደሙንም እዩ። የአብዛኞቹ አጥቢዎች ቀይ የደም ሴል ክብ ነው፣ የግመል ሞላላ ነው።

ዝናብ ካባራ በኋላ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ውኃ ያቁራል። እዚያ የእንቁራሪት እንቁላል ፈልጉ። ቅርፊት የለውም፣ ዝልግልግ ነው፣ ከውኃ ውጭ ይደርቃል። ግልገሎቹ መጀመሪያ ጭራና ውኃ ውስጥ የሚተነፍሱበት ስንጥብ አላቸው፤ ቆይተው እግር ያወጣሉ፣ በሳንባ መተንፈስ ይጀምራሉ። እንቁራሪት በቆዳዋም ስለምትተነፍስ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በውኃ አርጥቡ፣ ሳሙና የነካው እጅ አይሁን። አደራ ግን፣ ከላይ ደጋው ከጠቆረ ደቻቱ ውስጥ አትግቡ። በ1998 ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በልቷል።

ስለ ዓሣ ብዙ አልልም፣ እጄ ላይ እምብዛም አልገባም። ጅቡቲ የምትሄዱ ግን የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ በዓለም ትልቁ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ እንደሚመጣ እወቁ። አጽሙ በሙሉ ልም አጥንት ነው፣ ጆሯችሁን ዳብሱት፣ እንደዚያ ዓይነት። እሱም ደንደሴ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ አምስቱ መደቦች እንደተማራችሁት እንዳልሆኑ ይነግሯችኋል። አትደንግጡ። ዓሣ የምንለው በርከት ያሉ የተለያዩ ወገኖች ስብስብ ነው። አዞም ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። ሐረር ሥጋ ገበያ ጭልፊት ስትወርድ አይታችኋል አይደል? ሥጋውን ሳይሆን እግሯን እዩ፤ ቅርፊት ለብሷል፣ ልክ እንደ እንሽላሊት።

ለጎረቤቴ ልጅ ይኼን ሁሉ ካወራሁላት በኋላ «ታዲያ ጅብም ታጠባለች?» አለችኝ። ሐረር ተወልዳ፣ ማታ ማታ ሰው ጅብ ሲመግብ እያየች አድጋ፣ ይኼን አስባው አታውቅም። ታጠባለች አልኳት፤ ግልገሏ ዓይኑን ገልጦ፣ ጥርስ አውጥቶ ይወለዳል፣ ዓመት ካለፈውም በኋላ ይጠባል። ቅዳሜ ማታ ጅቦቹን ልናይ ፋላና በር አብረን እንሄዳለን። ደብተሯን ይዛ ትመጣለች።